ከቁይ ሲታይ ከተማ፣ ከአዲስ አበባ ሲታይ ክፍለ ሀገር፤ የደብረ ማርቆስ ኑሮ



ከቁይ ተነሥቶ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ ሰው «ወዴት ነህ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ «ወደ ከተማ» ነው፤ ስሙን መጥራት አያስፈልገውም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደዚያው ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ ሰው ደግሞ «ክፍለ ሀገር ልወጣ ነው» ይላል፤ እሱም ስሙን አይጠራም። ቦታው አንድ ነው፣ ጎዳናውም አንድ ነው። አንዱ ግን ብርሃን ወዳለበት እንደሚገባ፣ ሌላው ብርሃን ካለበት እንደሚወጣ ያስባል። ይህ ንግግር የሚመለከተው በእነዚህ በሁለቱ መልሶች መካከል ተቀምጦ የሚኖረውን ሰው ነው።

መካከለኛ ከተማ ሲባል በዕቅድ ወረቀት ላይ የሕዝብ ቁጥር ብቻ ሊመስል ይችላል። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ግምት መሠረት ግን ከዓለም የከተማ ነዋሪ ግማሽ ያህሉ የሚኖረው ከአምስት መቶ ሺህ በታች ሕዝብ ባላቸው ከተሞች ውስጥ ነው። ስለ ከተማ የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ ግን ስለ ታላላቆቹ ነው። በኢትዮጵያም ስለ አዲስ አበባ ያልተባለ ነገር ጥቂት ነው፤ ስለ ገበሬው መንደርም ብዙ ተጠንቷል። ከሁለቱ መካከል ያለው፣ ማለትም ወደ መንደሩ አንድ ቀን፣ ወደ ዋና ከተማው አንድ ቀን የሚርቀው ከተማ፣ የሁለቱም መተላለፊያ ሆኖ ይታለፋል።

ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። መንቆረር በሚል ስም የተቆረቆረችው በ1845 ዓ.ም. ገደማ በደጃዝማች ተድላ ጓሉ ነው። በኋላ ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ሲነግሡ መናገሻቸው ይህችው ነበረች፤ በዘመናቸው የታነጸው የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስሙን ለከተማይቱ አወረሳት። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ በመጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ አዲስ አበባ የገቡት ከዚያ በኋላ አንድ ወር ያህል ቆይተው ነው። እንግዲህ ይህች ከተማ የንጉሥ መቀመጫ፣ የጠቅላይ ግዛት ርእሰ ከተማ፣ ኋላም የክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ሆና የኖረች ናት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነዋሪው ዛሬም በቡና ሰዓት የሚያነሣው ጉዳይ ነው። ባሕር ዳር በ1950ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት አገኘች። በ1980 ዓ.ም. አዲስ የአስተዳደር አከፋፈል ሲወጣ ጎጃም ተከፋፈለ፤ ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ ወዲህም ባሕር ዳር የአማራ ክልል መቀመጫ ሆነች፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ የምሥራቅ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ሆና ቀረች። ልዩነቱ በቆጠራ ይታያል። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ ደብረ ማርቆስ 49 ሺህ ያህል፣ ባሕር ዳር 96 ሺህ ያህል ሕዝብ ነበራቸው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ደብረ ማርቆስ ወደ 62 ሺህ፣ ባሕር ዳር ወደ 155 ሺህ ደረሱ። ከዚያ ወዲህ አጠቃላይ ቆጠራ ስላልተካሄደ የዛሬው ቁጥር የግምት ነገር ነው፤ ሁለቱም እጅግ አድገዋል።

ማዕረጉን ያጣ ከተማ እንደ ተሻረ ሹም ነው፤ ያለፈውን ይቆጥራል። ይህ ኀዘን የሚገባ ቢሆንም ከተማይቱን ጎድቷታል ማለት ይቻላል፤ ብዙ ነገር «ማዕረጉ ቢመለስ ኖሮ» እየተባለ በይደር ቆይቷልና። ይሁን እንጂ ከቁይ ለሚመጣው ሰው ይህ ሁሉ ወሬ ብዙም ትርጉም የለውም። እሱ የሚፈልገው ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት፣ የቆርቆሮ ሱቅና የፍርድ ቤት ይግባኝ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ከተማይቱ ባለ ማዕረግም ሆነች ሳትሆን እዚያው ናቸው።

ቁይ የደባይ ጥላትግን ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በስተ ጀርባ የጮቄ ተራራ አለ፤ ጫፉ ከ4,000 ሜትር የሚያልፍ፣ ሙጋን፣ ሱሃን፣ ጨሞጋንና ሌሎችንም አያሌ የዓባይ ገባሮች የሚያፈልቅ የውኃ ማማ ነው። አገሩ የጤፍ፣ የስንዴ፣ የገብስና የድንች አገር ነው። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ የምትበላው ቁይን ከመሰሉት ወረዳዎች የሚመጣውን እህል፣ የምትጠጣውም ከዚያው ተራራ የሚወርደውን ውኃ ነው። ሆኖም ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰሞን ቢጫ ጀሪካኖች በየበሩ ተሰልፈው ሲታዩ፣ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት ለዚህ ሰፈር የተተረተ ይመስላል።

በመካከለኛ ከተማ መኖር በመጀመሪያ የርቀት ጉዳይ ነው። ደብረ ማርቆስን ከዳር እስከ ዳር በእግር ማቋረጥ ይቻላል፤ የቸኮለ ባጃጅ ይሳፈራል። የመንግሥት ሠራተኛው ለምሳ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ አዲስ አበባ ለሚኖር ባልንጀራው ይህን ሲነግረው እንደ ተረት ይሰማዋል። በጊዜ የሚለካ ሀብት ቢኖር ኖሮ የደብረ ማርቆስ አስተማሪ ከአዲስ አበባው ባንክ ሠራተኛ በለጠገ ነበር። ግን ያ ጊዜ የእሱ ብቻ አይደለም። የእድሩ፣ የማኅበሩ፣ የሰንበቴው፣ የለቅሶው ነው። በሳምንት ውስጥ ሁለት ቀብር ቢኖር በሁለቱም መታየት አለበት፤ የቀረ ሰው ስሙ ይጠራል፤ «ምን ሆነ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው በእርግጥ የሚጠይቀው «ለምን ቀረ?» ብሎ ነው።

መተዋወቁ ሁለት ፊት አለው። ባለ ሱቁ ደመወዝ እስኪወጣ በዱቤ የሚሰጠው የአባትን ስም ስለሚያውቅ ነው። ሕፃን ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ መንገድ ቢስት ከሦስተኛው ሰው ማለፍ ሳይኖርበት ወደ ቤቱ ይደርሳል። በሌላ በኩል አንዲት ወጣት ሠራተኛ ብቻዋን ቤት ተከራይታ ብትቀመጥ፣ ማን እንደገባና ማን እንደወጣ በማግሥቱ በሥራ ቦታዋ ይታወቃል። በደል የደረሰበት ሰው አለቃው የእድሩ ሰብሳቢ፣ የአለቃው ወንድም የቤቱ አከራይ ሊሆን ስለሚችል አቤቱታውን ይውጠዋል። በትልቅ ከተማ ሰው የሚቸገረው ባለመታወቁ ነው፤ እዚህ የሚቸገረው በመታወቁ ነው።

ከቁይ የሚመጣው ግን ገና አልታወቀም። እሱን ለመረዳት ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ፣ ከዋናው ቤት በስተ ጓሮ ወደ ተደረደሩት የኪራይ ክፍሎች መግባት ያስፈልጋል።

ጎጃም የቅኔ አገር እንደ መሆኑ ከወላጅ ርቆ መማር አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ እየለመነ ከድማ ጊዮርጊስ እስከ ሌሎቹ ደብሮች ይዞር ነበር፤ ማደሪያውም በመምህሩ ደጅ ራሱ የሠራት ጎጆ ነበረች። ዘመናዊው ተማሪ ደበሎው በጃኬት፣ አኩፋዳው በማዳበሪያ ከረጢት፣ ጎጆውም በኪራይ ክፍል ተለወጠለት፤ ልመናው ብቻ ቀረ። ቀድሞ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በዋና ዋና ከተሞች ብቻ ይሰጥ በነበረበት ዘመን የመጣው ይኸው ነበር። ዛሬ ትምህርት ቤት ወደየወረዳው ስለ ተስፋፋ በአብዛኛው የሚመጡት ለቴክኒክና ሙያ፣ ለኮሌጅ፣ ለተሻለ መሰናዶ ትምህርት ወይም ለቀን ሥራ ነው። በ1999 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን በግቢው ያሳድራል፤ መምህራኑና ሠራተኞቹ ግን ቤት ይፈልጋሉ፤ የቤት ኪራይም ከዚያ ወዲህ የትናንቱ አልሆነም። ከነዚህ ላይ የሪፈራል ሆስፒታሉን ደጅ የሚጠኑ አስታማሚዎች ይጨመራሉ፤ እነሱ ክፍል የሚከራዩት በሌሊት ሒሳብ ነው።

የተለመደው ክፍል ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር ያህል ነው። በዚህ ዘጠኝ ካሬ ሜትር ውስጥ ሦስት ወይም አራት የአንድ አገር ልጆች ይኖሩበታል። ሁለት ሰው የሚያስተኛ አልጋ፣ አንድ ምንጣፍ፣ የመጽሐፍ ካርቶን፣ ጀሪካን፣ የከሰል ምድጃ፣ በግድግዳው ሚስማር ላይ የተሰቀለ ልብስ። እናት ልጇን ስታስገባ ለአከራይዋ አንድ ጣሳ ቅቤ ወይም የተነጠረ ማር ታስረክባለች። «እትዬ፣ ልጄን አደራ፤ እንደ ልጅዎ ይዩልኝ» ትላለች። አከራይዋም «ግድ የለዎትም፣ እኔም እናት ነኝ» ብላ ትቀበላለች። ኪራይ በወር ይከፈላል፤ አደራው ግን ደረሰኝ የለውም፣ በአብዛኛውም ይጠበቃል።

ከዚያ በኋላ ሳምንቱ የሚቆጠረው በስንቅ ነው። ቅዳሜ ወይም እሑድ በሚመጣው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ስም የተጻፈበት ከረጢት ይጫናል። እንጀራው በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከላይ፣ በሶው፣ ሽሮው፣ ቆሎውና ድርቆሹ ከታች ይቀመጣሉ። እንጀራ በደኅና አየር ከሦስት እስከ አራት ቀን ይቆያል፤ በክረምት፣ ግድግዳው እርጥበት በሚተፋበት ክፍል ውስጥ ግን ከዚያም ቀድሞ ይሻግታል። ስለዚህ ሰኞና ማክሰኞ እንጀራ በወጥ፣ ረቡዕ የሻገተውን እየቆረጡ ጥለው የተረፈውን በፀሐይ እያደረቁ፣ ሐሙስና ዓርብ በሶ ይሆናል። ተማሪዎቹ የቀን ስም በምግብ ይጠሩታል፤ «ነገ በሶ ነው» ማለት ነገ ሐሙስ ነው ማለት ነው። ይህ ቀልድ ብቻ አይደለም፤ ፈተናው ዓርብ ከሆነ ይታወቃል።

የደብረ ማርቆስ ብርድ ከደጋ የመጣውን ልጅ አያስደነግጠውም ይባላል። ስሕተት ነው። በገጠሩ ቤት በመሐል የሚነድ እሳት፣ ወፍራም የሣር ክዳን፣ በጎን ከብቶች አሉ፤ ጢሱም በክዳኑ ውስጥ ሰርጎ ይወጣል። የኪራይ ክፍሉ ክዳን ግን ስስ ቆርቆሮ ነው። ቀን ያገኘውን ሙቀት ሌሊት ወዲያው ይተፋል፤ ጎሕ ሲቀድ በውስጥ በኩል የሰዎቹ እስትንፋስ ጠል ሆኖ ይንጠባጠባል። ብርዱን ለመከላከል አከራዩም ተከራዩም አንድ ነገር ያደርጋሉ፤ ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍናሉ። በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ያለው ክፍተት በጭቃ፣ የበሩ ሥር በጨርቅ፣ መስኮቱ በካርቶን ይዘጋል። ከዚያም የከሰል ምድጃ ወደ ውስጥ ይገባል።

እዚህ ላይ የሙያ ሰው ዝም ሊል አይገባውም። ከሰል አየር ባጠረው ክፍል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ይሰጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም፤ ሰውን የሚያስለው ጢስ ስለሌለው የጋመ ከሰል ከሚጤስ እንጨት ይልቅ ንጹሕ ይመስላል። ወደ ደም ሲገባ ኦክሲጅን የሚጓጓዝበትን ቦታ ከኦክሲጅን ይልቅ ሁለት መቶ ጊዜ በሚበልጥ ኃይል ይይዛል። የመጀመሪያ ምልክቱ የራስ ምታትና ድካም ስለሆነ፣ ሲያጠና ያመሸ ተማሪ የጥናት ድካም ነው ብሎ ይተኛል። በየከተማው በክረምት ወራት ተኝተው ያልነቁ ሰዎች ወሬ ይሰማል። ጎረቤት «ከሰል ጨረሳቸው» ይላል፤ እንደ ዕጣ ፈንታም ይቆጠራል። ዕጣ ፈንታ ግን አይደለም፤ የቤት አሠራር ጉዳይ ነው።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ከቆርቆሮው ሥር ፊት ለፊት በሚተያዩ በሁለት ግድግዳዎች ላይ በወንፊት ሽቦ የተሸፈኑ፣ የማይደፈኑ ቀዳዳዎች መተው ይቻላል። ይህ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም፤ የጋመ ምድጃ ይዞ መተኛት በማንኛውም ክፍል ውስጥ የተከለከለ መሆን አለበት። የሚሻለው ለአንድ ግቢ ተከራዮች ሁሉ የሚሆን፣ ሦስት ግድግዳና ክዳን ብቻ ያለው የጋራ ማድ ቤት ማቆም ነው። ብርዱን ደግሞ በእሳት ሳይሆን በክዳን መዋጋት ይቻላል፤ ከቆርቆሮው በታች ኮርኒስ ቢዘረጋ፣ በመሐል የሚታሰረው አየር ራሱ ብርድ ልብስ ነው። የማዳበሪያ ከረጢት ተቀዶና ተሰፍቶ የሚሠራው የድሆች ኮርኒስ እንኳ ከምንም ይሻላል። አከራዮች ይህን የማያደርጉት ክፋት ኖሯቸው አይደለም፤ የነገራቸው የለም። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ክፍልም የፊተኛውን ቤት ፕላን እንጂ በስተ ጓሮ የሚቀጠለውን ሰርቪስ አይመለከትም። በአንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያድረው ግን በሰርቪሱ ነው።

ስለ ግድግዳው ጥቂት ማለት ይገባል። የባሕር ዛፍ ማገርና ጭድ የገባበት ጭቃ የተናቀ ነገር ሆኗል፤ ሁሉም ብሎኬት ይመኛል። ይህ አጉል ኩራት ነው። በደንብ የተብላላ ጭቃ ከብሎኬት ይልቅ ሙቀት ይይዛል። የሚያፈርሰው ውኃ ነው፤ ውኃውም የሚገባው ከላይ ሳይሆን ከሥር ነው። በዓመት 1,300 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚጥልበት አገር፣ ዝናቡም በአመዛኙ በጥቂት ወራት ውስጥ በሚወርድበት ቦታ፣ ምሰሶው በቀጥታ መሬት ውስጥ ከተተከለ ሥሩ በጥቂት ዓመታት ይበሰብሳል፤ ምስጥም ይረዳዋል። ግድግዳው ቢያንስ ጉልበት በሚደርስ የድንጋይ ግንብ ላይ ቢያርፍና የቆርቆሮው ጠርዝ ወደ ውጭ ሰፋ ብሎ ቢወጣ፣ ያው የጭቃ ቤት ሰውን ከልጅነት እስከ ሽበት ያኖራል። ድንጋይ ደግሞ በጎጃም አልጠፋም።

በዋልካ አፈር ላይ ለሚሠራ ግን ሌላ ጥንቃቄ ያሻል። ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ይከፈታል። ቀላል ቤት በዚህ አፈር ላይ ሲያርፍ በየዓመቱ ይነሣል ይወድቃል፤ በበርና በመስኮት ማዕዘን ላይ የሚታየው ሰያፍ ስንጥቅ የዚህ ምልክት ነው። ባለቤቱ ግንበኛውን ይረግማል፣ ግንበኛውም ሲሚንቶውን። ሁለቱም ንጹሓን ናቸው። ዋልካው ተዝቆ ወጥቶ በጠጠርና በተመረጠ አፈር ቢተካ፣ የጣሪያውም ውኃ በቦይ ከመሠረቱ ርቆ ቢሄድ ኖሮ ብዙ ክስ ይቀር ነበር። ቦዩ ግን በፕላስቲክ ጠርሙስና በፌስታል ተደፍኖ ውኃው ወደ ጎረቤት ይሄዳል፤ በሽማግሌ የሚታየው የክረምት ጠብ አንዱ ይህ ነው።

ከተማ ሲሰፋ የሚሰፋው በማሳ ላይ ነው። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ያለው የጎዛምን ገበሬ ሳይንቀሳቀስ ከተማው ወደ እሱ መጥቷል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ለዘለቄታው ለሚለቀቅ የእርሻ መሬት ካለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ አሥር እጥፍ ካሳ ይደነግግ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 1161 ይህን ባለፉት ሦስት ዓመታት ከተገኘው ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ አሥራ አምስት እጥፍ አደረገው። መሻሻሉ አይካድም። ሆኖም አሥራ አምስት ዓመት ምርት በአንድ ቀን በብር መቀበል ገበሬነትን አይተካም። በበሬ ያረሰ ሰው ብሩን ወስዶ ቤት ይሠራል፤ ቤቱንም ለተማሪዎች ያከራያል፤ ክፍሎቹም ከላይ የተገለጹት ክፍሎች ናቸው። ከማሳው ተነሥቶ አከራይ የሆነው ገበሬና ከማሳው ተነሥቶ ተከራይ የሆነው የቁይ ልጅ በአንድ ግቢ ይገናኛሉ። ማታ ማታ ስለ ዝናቡ የሚነጋገሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ወደ ዋና ከተማው የሚወስደው መንገድ የዓባይን በረሃ ያቋርጣል። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው ቁልቁለትና አቀበት ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ የሚወጣ፣ መሬቱ በየክረምቱ የሚንሸራተትና አስፋልቱን እንደ ጨርቅ የሚያጨማድድ ነው። በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የኅዳሴ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. ጳጉሜ ወር ሲመረቅ ከጎኑ ያለው አሮጌው ድልድይ ከጭነት ዐረፈ። ድልድዩ ታላቅ ሥራ ነው፤ ገደሉ ግን ገደል ነው፤ ከባድ መኪና ዛሬም በመጀመሪያ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣዋል። ሲሚንቶውም፣ ብረቱም፣ መድኃኒቱም ለብዙ ዘመን በዚህ በረሃ ተሻግሮ ሲመጣ የኖረ በመሆኑ የእያንዳንዱ ቤት ዋጋ ላይ የገደሉ ኪራይ ተደምሯል።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በደረሰው ግጭት ደግሞ መንገድ መዘጋት ምን እንደሆነ ታየ። ከተማይቱ በመካከል የምትኖር መሆኗ በሰላም ጊዜ ጥቅም ነበር፤ መንገዱ በሁለቱም ወገን ሲዘጋ ግን መካከል መሆን በአየር መሐል መንጠልጠል ሆነ። ከአዲስ አበባ ዕቃ አይመጣም፣ ከወረዳ እህል አይገባም፤ ኢንተርኔትም ሲቋረጥ ወሬው ራሱ በእግር የሚመጣ ሆነ። ስንቅ ያልደረሰለት ተማሪ ቆጥሮ የሚበላበት ሰሞን ነበር። በዚያን ጊዜ ብዙ አከራዮች ኪራይ ሳይጠይቁ ከማዕዳቸው አቋደሱ። ብዙዎቹም ልጆች ትምህርታቸውን ትተው በእግር ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ሁሉም ተመልሰው አልመጡም።

አሁን ወደ ሙያው እንመለስ ቢባል፣ ጥያቄው ማን ይቀራል የሚል ነው። ከተማይቱ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ መሐንዲሶችን በየዓመቱ ታስመርቃለች። ተመራቂው ግን ዲግሪውን ይዞ በሚቀጥለው ሳምንት የዓባይን በረሃ ይሻገራል። ሊወቀስ አይገባም፤ ደመወዙ፣ ዕድገቱና ጨረታው ያለው እዚያ ነው። በከተማይቱ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ እናቱ የታመመችበት ወይም ያገባ ነው፤ እንዲህ ያለው ሰውም ለባልንጀሮቹ እንደሚያፍር ሆኖ «ለጊዜው ነው» ይላል። ለጊዜው የተባለው ዐሥር ዓመት ይሆናል። በዐሥር ዓመት ውስጥ ግን የትኛው ሰፈር ዋልካ፣ የትኛው ቀይ አፈር እንደሆነ፣ የትኛው ጉድጓድ በጋ እንደሚደርቅ፣ የትኛው ሽንት ቤት ከየትኛው የእጅ ጉድጓድ በላይ እንደተቆፈረ ያውቃል። ይህ እውቀት በማንኛውም ካርታ ላይ አልሰፈረም። ሰውየው በተዛወረ ዕለት አብሮት ይሄዳል፤ የሚተካውም ከዜሮ ይጀምራል።

አንድ መካከለኛ ከተማ የሚያስፈልጋት ሰባ ፎቅ የሚነድፍ ሰው ሳይሆን የአፈሩን ደብተር የሚይዝ ሰው ነው። በየሰፈሩ የተቆፈረው መሠረት ሁሉ ስንት ሜትር ላይ ምን አፈር እንዳገኘ ተመዝግቦ በማዘጋጃ ቤት ቢቀመጥ፣ ቀጣዩ ሠሪ ለምርመራ የሚያወጣው ገንዘብ ይቀርለት ነበር። ደብተሩ በእጅ የሚጻፍ ቢሆንም ይበቃል። ከሱ ጎን የሰርቪስ ቤት አንድ ገጽ ፕላን፣ ከድንጋይ ግንቡ ቁመት ጀምሮ እስከ አየር መግቢያው ቀዳዳ ድረስ ተሥሎ፣ ፈቃድ ለሚጠይቅም ለማይጠይቅም በነፃ ቢሰጥ፣ ገበሬ የነበረው አከራይ ያነበዋል፤ ካላነበበውም ከተከራዮቹ አንዱ ያነብለታል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የቁይ አውቶቡስ መናኸሪያ ሲደርስ ረዳቱ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ከረጢቶቹን አንድ በአንድ ያወርዳል፤ ስሙን እየጠራ። ልጆቹ ከታች እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ። አንዱ ከረጢቱን ተሸክሞ ሲሄድ እንጀራው ገና ትኩስ እንደሆነ በጀርባው ይሰማዋል። ወደ ክፍሉ ገብቶ በመጀመሪያ የሚያደርገው መስኮቱን ከፍቶ ጨርቁን መግለጥ ነው፤ ላብ እንዳይዘው።